እማ «ቅያሪ» የምትለው

ጥቅምት 12 ቀን 1958፣ ቡራዩ

የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን በቀይ ገርፎ መለሰልኝ። ርእሱ «የገበያ ቀን» ነበር። ሰዉ ገበያ ላይ እንደሚናገረው አድርጌ ስለጻፍኩት ሻጯ በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ ትጨርሳለች፤ ገዢው በአማርኛ ይከራከርና በኦሮምኛ ይሳደባል። ከግርጌው «ጠይባ፣ ቋንቋ አትቀያይሪ፤ አማርኛሽ ጥሩ ነበር» ይላል። ነበር! ይባስ ብሎ ክፍሉ ፊት ቆሞ «ቋንቋ የሚቀያይር ሰው አንዱንም አያውቅም» አለና ሁሉም ዞሮ አየኝ።

ቤት ስገባ ለእማ ነገርኳት። ጨው እየሰፈረች ነበር። ቀና ሳትል «መምህርሽ ስንት ቅያሪ አለው?» አለችኝ።

«አንድ ኮት፣ ሁለት ሱሪ» አልኳት።

«እኔ ሦስት አለኝ» አለች፤ «ለቤት ስልጥኛ፣ ለሱቅ ኦሮምኛ፣ ለመንግሥት አማርኛ። ሰው በቤት ልብሱ ሰርግ አይሄድም፤ በሰርግ ልብሱም እበት አይዝቅም።»

ቅያሪ የሚለውን ቃል ለልብስ ሲሉት ሰምቻለሁ። ወንድሜ ዲኖም ለመኪናው ጎማ ይለዋል። ለአፍ ሲሆን የሰማሁት ከእሷ ነው። ለመምህሬ ብነግረው ደስ ባለኝ፤ ግን በቀይ ያሰምርብኛል።

ጥቅምት 21

ትምህርት የለም። ሱቅ ተቀምጬ እማን ሳያት ዋልኩ።

ጠዋት ግብር ሰብሳቢው መጣ። እማ አማርኛዋን ለበሰች። አማርኛ ስትናገር ትከሻዋ ሳይቀር ይጠብባል። «እሺ ጌታዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ» ከማለት በቀር አንድ ነገር አይወጣትም። ሰውየው «ምስኪን ሴት ናት» ብሎ ሄደ። እግሩ ከመውጣቱ ከመናገሻ የመጡ እንጨት ነጋዴዎች ገቡ። ያቺው ምስኪን በኦሮምኛ አፏን ስትከፍት ሱቁ ጠበበን። ታሾፍባቸዋለች፣ ትምልባቸዋለች፣ የአንዱን ሚስት በስም ጠርታ «እሷ ብትመጣ ይሻለኝ ነበር» ትላለች፤ እየሳቁ ባለችው ዋጋ ሸጡላት። ጫጫታውን ሰምቶ አባ ከጓዳ ብቅ ሲል በስልጥኛ አንዲት ነገር ጣል አደረገችለትና ተመልሶ ገባ። በስልጥኛ አዛዥ ናት። እንዲህ መሆንን ማን ያስተምራል? እኔ በአማርኛም በኦሮምኛም ያቺው ጠይባ ነኝ፤ በሁለቱም አኩራፊ።

ከሰዓት ሁንዴ ቅቤ ይዞ መጣ። ከማዶ ያለው የገበሬ ቤት የእነሱ ነው። እናቱ እቴቴ ገለቴና እማ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ጎረቤት ናቸው፤ እማ እሷን «ሃዳ ሁንዴ» ትላታለች፣ እሷም እማን «ሃዳ ዲኖ»፤ የሁንዴ እናት፣ የዲኖ እናት መባባላቸው ነው። ድሮ ቅቤውን የምታመጣው እሷ ነበረች። ከመስከረም ወዲህ ግን ልጇ ሆኗል። ጎልማሳ ሰው ቅቤ ተሸክሞ ሲመጣ ቢሳቅበትም ግድ የለውም። ከእኔ ጋር ካልሆነ በአማርኛ አይናገርም፤ ከእኔ ጋር ደግሞ በአማርኛ ካላወራሁ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። መሀል ላይ ይጠፋበትና በኦሮምኛ ይጨርሰዋል። ሳቅኩበት። አልከፋውም።

ቅቤው ጥሩ ነው።

ኅዳር 3

የዲኖ መኪና ተገለበጠ። አስኮ ሳይደርስ፣ ቁልቁለቱ ላይ። ዲኖ ተርፏል።

ሁንዴ

ኅዳር 4

ትናንት መጻፍ አቃተኝ። ዛሬ በሥርዓቱ ልጻፈው።

መኪናው ሱቃችን በር ላይ ጤፍ ሲጭን አረፈደ። ሁንዴ መርካቶ ሊወርድ ፈልጎ መንገድ ዳር ቆሞ ነበር። ዲኖ መሪውን እንደያዘ «ኮቱ፣ ኦል ባኢ!» አለው። ና ውጣ አለው። ጭነት ላይ ሰው መጫን ክልክል እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ የማይሳፈርም የለም። ሁንዴ ጆንያው ላይ ወጣ። ከላይ ሆኖ «ጠይባ፣ ማል ሲፍ ፊዱ?» አለኝ፤ ምን ላምጣልሽ ነው። «ምንም» አልኩት። መኪናው ሄደ።

አህያ ገባበት ይላሉ። ዲኖ አህያዋን አድናለሁ ሲል መኪናው ወደቀ፣ ጆንያው ሁንዴ ላይ ተናደ። ዲኖ ግንባሩ እንደደማ በእግሩ ሄዶ ፖሊስ ጣቢያ ገባ።

ምን ላምጣልሽ ማለቱን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ለማንም የሚጠቅም ነገር አይደለም።

ኅዳር 5

እዚህ አገር ሰው የሞተበትና የገደለ ቤት ባለደም ናቸው። ሽማግሌ ገብቶ ጉማ እስኪፈጸም፣ ማለትም በደሉ ታምኖ እርቅ እስኪወርድ፣ ከአንድ ምንጭ አይቀዱም፣ እሳት አይዋዋሱም። መንገድ ላይ ቢገናኙ የገደለው ወገን ከመንገዱ ወጥቶ ያሳልፋል። ለቅሶ መድረስማ አይታሰብም። እኛ ከስልጢ መጣን ብለን ከዚህ ወግ አንወጣም፤ የኖርነው እዚህ ነው።

እማ ይሄን ሁሉ ታውቃለች። ቢሆንም ሻሿን ፈትታ ሄደች። አባ በሩ ላይ ቆሞ «ይወግሩሻል!» አላት፤ አልሰማችውም። ለቅሶው ቤት አልደረሰችም፤ ከገብሱ ማሳ ዳር ቆመች። እኔ ከሱቁ ጀርባ ሆኜ አያታለሁ። ከዚያ ድምፅዋ ወጣ።

«ሃዳ ሁንዴ! ኢልማ ኬ ኑቱ አጄሴ!»

ልጅሽን እኛ ገደልነው አለች። ደጋግማ አለች። መኪናው ገደለው አላለችም፣ አላህ ወሰደው አላለችም። ሙሾው ቆመ። ድንጋይ ያነሳ ሰው አላየሁም። ሁሉም ሲያያት እስክትደክም ጮኸች፤ ከዚያ ተመልሳ መጣች፤ ጉልበቷ አፈር ሆኗል። እናቴን እንደ ዛሬ አክብሬያት አላውቅም። ይሄን በአማርኛ ማለት አትችልም ነበር፤ በስልጥኛም እንጃ።

ከለቅሶ የሚመለሱ ሴቶች በሱቁ ሲያልፉ «የባለሱቁ የከድሩ ልጅ ዓይኗ ደረቅ ነው፤ አንዲት ዘለላ አላፈሰሰችም» ሲሉ ሰማሁ። እውነታቸውን ነው። የገዳይ እህት ምን ብላ ታለቅሳለች?

ኅዳር 7

ጣቢያ ነበርን። እማ፣ እኔ፣ አባ። ቸኩዬ ነው የምጽፈው።

መርማሪው ፊት እማ አማርኛዋን አወጣች። «እሺ ጌታዬ። ልጁ ራሱ ነው የወጣ ጌታዬ። የኔ ልጅ አላየውም።» ሲጻፍ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ዲኖን አመጡት፤ ግንባሩ ታስሯል። ገና ሳይጠየቅ እማ እንደ ማልቀስ አድርጋ በስልጥኛ «አላየሁም በል» አለችው። መርማሪው «ምን አለች?» ሲል «አይዞህ ነው ያልኩት ጌታዬ» አለች። ዲኖም አላየሁም አለ።

ስንመለስ «እማ፣ ማሳው ዳር ገደልነው አላልሽም?» አልኳት።

«ያ ለለቅሶ የሚነገር ነው፤ ይሄ ለመንግሥት የሚነገር። መንግሥት ልጅ አልሞተበትም፤ የሚፈልገው የሚያስረው ሰው ነው።»

አላረካኝም።

ኅዳር 24

እማ በየማለዳው ማሳው ዳር ሄዳ ትቆማለች። አትጮህም አሁን፤ ብቻ ትቆማለች። እቴቴ ገለቴ ላሞቿን ስታወጣ አይታት እንዳላየች ታልፋለች። ትናንት ዝናብ ዘነበ፤ ያውም በኅዳር። እማ አልተመለሰችም። ዛሬ ሽማግሌው ኦቦ ገርባ በዱላቸው እየተመረኮዙ ሱቃችን በር መጡና ሳይገቡ፣ ውሃም ሳይቀምሱ፣ «ሃዳ ዲኖ፣ እግርሽን አየነው። እንነጋገራለን» አሏት። አባ አለቀሰ። እማ ወደ ጨው መስፈሯ ተመለሰች፤ የሰፈረችውን ግን መልሳ ትሰፍረዋለች።

ታኅሣሥ 9

እንጨት ሸጣ የምታልፍ ሴት ዛሬ እማን «ቅያሪ አፍ» ስትላት ሰማሁ። ስድብ ነው ምርቃት? እማን ስጠይቃት «እንደ ተናጋሪው ነው» አለችኝ። ቅያሪ የሌለው ሰው ሲዘንብበት እንደረጠበ ይቀራል፣ ይሄ ምርቃት ነው። ቅያሪ የበዛለት ደግሞ የቱ የራሱ እንደሆነ ይጠፋዋል፣ ይሄም ሌላ። ድርሰት ቢያዘን በዚህ ቃል ላይ ነበር የምጽፈው።

ቅቤ ከሌላ ሰው እንገዛለን አሁን። ጨው በዝቶበታል።

ታኅሣሥ 16

ረመዳን ገባ። እነሱም የነቢያት ጾም ላይ ናቸው። ማዶና ማዶ ሆነን እንጾማለን። ባንጾምም ከአንድ ገበታ አንበላም፣ ደም አለ። ኦቦ ገርባ ወዲህ ወዲያ ይላሉ። ከጥምቀት በኋላ ጉማው ይፈጸማል ተባለ። አላህ ይርዳን።

ታኅሣሥ 21

ፈረሰ። ሁሉም ፈረሰ።

ፍርድ ቤት ነበርን። እማ ለመርማሪው የሰጠችው ቃል ተነበበ። «ሟች በማንም ሳይጋበዝ፣ ሾፌሩም ሳያየው፣ ከጭነቱ ላይ ወጣ።» የሁንዴ ታላቅ ወንድም ሞቱማ ከኋላ ተነሣ። ወታደር ቤት ቆይቶ የመጣ ሰው ነው፤ አማርኛው ከጸሐፊው አማርኛ ይበልጣል።

«ጌታዬ፣ ይቺ ሴትዮ በእናቴ ማሳ ዳር ቆማ እኛ ገደልነው ብላለች። በኦሮምኛ ገደልን፣ በአማርኛ አልገደልንም! የቱ ነው አፏ?»

ዳኛው አስቀመጡት። እማ አንገቷን ደፋች። እቴቴ ገለቴ አጠገቡ ተቀምጣለች፤ አማርኛ ትሰማለች እንጂ «አፌን አይሞላውም» ብላ ተናግራው አታውቅም። እማን ቀና ብላ አየቻት። ከዚያን ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው በቀጥታ ያየቻት፤ እንዲህ ሆነ ደግሞ የተያዩት።

ማታ ኦቦ ገርባ መጡ። አሁንም በር ላይ ቆሙ።

«ሃዳ ዲኖ፣ ጉማ በሐሰት ላይ አይቆምም። አልገደልኩም ከሚል ሰው ጋር ምን ተብሎ ይታረቃል?»

«ገደልን ብያለሁ እኮ፣ ኦቦ! በጆሮዎ ሰምተውኛል።»

«ለእኛ ብለሻል። ለዳኛው ሌላ ብለሻል።»

«ያኛው የመንግሥት ነው! እናንተስ ለመንግሥት የምትነግሩትን ቤታችሁ ትነግሩታላችሁ?»

«ቅያሪ ነውር የለውም ልጄ፤ እኔም ከተማ ስወርድ እለብሳለሁ። ገላው ግን ያው ገላ ነው» አሉና ዱላቸውን አንስተው ሄዱ።

ታኅሣሥ 30

የገና ማግስት። ከመንገድ ስመለስ ሞቱማን አገኘሁት። እንደ ወጉ ከመንገዱ ወርጄ ሣሩ ላይ ቆምኩ። ያልፋል ስል ቆመ።

«እናትሽ ስንት ቅያሪ አላት? ቅያሪ የበዛለት ሰው እድፉ አይታወቅም» አለኝ።

ትንሽ ሄደና ዞረ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «አንቺም በር ላይ ነበርሽ። አይተሽዋል።»

መንገዱ ባዶ እስኪሆን ሣሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። መናገር ነበረብኝ። ማንም አልጠየቀኝም ብዬ ራሴን አጽናናለሁ፤ እሱ ግን ጠየቀኝ። ዓይኑ የወንድሙን ይመስላል፤ እስከ ዛሬ ልብ አላልኩትም ነበር።

ጥር 6

አባ ነገረ ፈጅ ይዞ መጣ። ነገረ ፈጁ ሱቃችን ውስጥ ቁጭ ብሎ እግሩን አነባበረና «እመቤቴ፣ ዝም ብቻ በሉ። አየሁ የሚል ምስክር የለም። ልጅዎ ከዐቢይ ጾም በፊት ይወጣል» አላት።

እማ «ወጥቶ የት ይገባል?» አለችው።

«ቤቱ ነዋ!»

በስልጥኛ ወደ አባ ዞረች። «ቤቱ ያለው በማዶና በማዶ መሀል ነው። ጉማ ካልወረደ ሞቱማ መንገድ ላይ ይጠብቀዋል። ሞቱማ ባይገድለው የአጎቱ ልጅ አለ። ከዚህ ይሽሽ ቢባል ሰበታ ዘመድ አላቸው፣ ሱሉልታም አላቸው። ልጄ ከእስር ቤቱ በር ውጭ አገር የለውም።»

አባ ተቆጣ። «ልጄን በገዛ አፌ አላሳስርም!» አለ። እሷ አልተቆጣችም። አባ በስልጥኛ ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ አላዘዘችውም፤ በአማርኛ፣ በዚያች በትንሿ አማርኛዋ፣ «እሺ፣ ላስብበት» አለችው። ነገረ ፈጁ የተስማማች መሰለው።

ጥር 15

ዒድ። አምና ማዶ ወተት ልከውልን ነበር። ዘንድሮ በራችንን ያንኳኳ የለም።

ጥር 18

ነገ ቀጠሮ ነው። ከመግሪብ ሶላት በኋላ እማ ጠራችኝ።

«ሲወጣ አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«እኔም የዲኖን ድምፅ ከጓዳ ሰምቻለሁ። ና ውጣ ሲለው።» ትንሽ ቆይታ «ከዚያስ? ልጁ ከላይ ሆኖ አንድ ነገር ብሎሽ ነበር» አለች።

«ምንም አላለኝም።»

አየችኝ። ለረጅም ጊዜ አየችኝና ሻሼን አስተካከለችልኝ፣ ትንሽ ልጅ ሆኜ እንደምታደርገው። ሌላ አልጠየቀችም። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም፤ እሷን መዋሸት አይቻልም።

ጥር 19

አንድም ሳላስቀር መጻፍ አለብኝ።

ስሟ ሲጠራ እማ ተነሣች። «ጌታዬ፣ ቃሌን ላስተካክል» አለች። አባ ክንዷን ያዘ፤ አስለቀቀችው። ዳኛው «ምኑን?» አሏት።

«ውሸት ነው ያልኩ ጌታዬ። ልጄ አይቶታል። ና ያለ እሱ ነው። አላየሁም በል ያልኩ እኔ ነኝ፤ በቋንቋችን ነገርኩት፤ ፖሊሱ አልሰማም።»

ነገረ ፈጁ ብድግ አለ። ዳኛው በእጃቸው አስቀመጡት። እማ ልትቀጥል ፈለገች። አፏ ተከፈተ፣ አማርኛው ግን አልቆባታል። «ጌታዬ... እኔ...» አለችና ቆመች። ከዚያ ፊቷን ወደ እቴቴ ገለቴ አዞረችና በኦሮምኛ ለቀቀችው። እንደ ማሳው ዳር፣ ግን ሳትጮህ።

ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ። «በአማርኛ ተናገሪ! አማርኛ ታውቃለች ተብሎ ተመዝግቧል። አስተርጓሚ አልተያዘም።» ጸሐፊው የፍርድ ቤቱ አስተርጓሚም ዛሬ አልመጣም አለ። ዳኛው «ሌላ ቀጠሮ» ሊሉ ብዕራቸውን አነሱ። ሌላ ቀጠሮ ከሆነ እማ አትደግመውም፤ አባና ነገረ ፈጁ አያስደግሟትም። አውቀዋለሁ። ልነሣ አልኩ። አልተነሣሁም።

የተነሣችው እቴቴ ገለቴ ናት።

«እኔ ልንገርዎ» አለች። በአማርኛ! አፏን የማይሞላው አማርኛ!

ዳኛው «አንቺ ማነሽ?» አሏት።

«የሟች እናት ነኝ።»

«የሟች እናት ለተከሳሽ ወገን አታስተረጉምም።»

«ሌላ ማን ይችላል ጌታዬ? የተነገረው ለእኔ ነው።»

ዳኛው «እንዳትጨምሪ፣ እንዳትቀንሺ» ብለው አስማሏት። እማ አንድ ትላለች፤ እቴቴ ገለቴ ትሰማና ወደ ዳኛው ዞራ በአማርኛ ትናገራለች። ቀስ እያለች፣ ቃሉን እየፈለገች፣ ሲጠፋት እየጠበቀች።

«ልጄ ሾፌር ነው፣ ጭነት ላይ ሰው መጫን ክልክል መሆኑን ያውቃል፣ ትላለች።»

«ልጅሽ እየሳቀ ነበር የወጣው፣ ትለኛለች።»

እዚህ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ፤ አላቆመችም።

ከዚያ እማ ያቺን ቃል አለቻት። ኢልማ ኬ ኑቱ አጄሴ። ከእኛ ወገን የሰማ ሁሉ አንገቱን ደፋ። እቴቴ ገለቴ ይሄንን አለዝባ ማለፍ ትችል ነበር፤ ልታከብደውም ትችል ነበር፤ አማርኛ ብቻ የሚያውቁት ዳኛው አያውቁባትም። ቀጥ ብላ ቆመች።

«ልጅሽን እኛ ገደልነው፣ ትለኛለች ጌታዬ።»

ዳኛው «ሌላ ያለችው አለ?» አሉ።

«እሷ ጨርሳለች። አሁን የምለው የራሴን ነው፤ የእሷ እንዳይጻፍብዎ» አለች እቴቴ ገለቴ። «ልጄም እምቢ ማለት ይችል ነበር። ክልክል መሆኑን እሱም ያውቃል። ይሄን እሷ አላለችም፤ እኔ ነኝ ያልኩት።»

ተቀመጠች። ሞቱማ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እኔ ሁለቱን ሴቶች ሳያቸው መምህሬ የሚለው ሁሉ ከጭንቅላቴ ወጣ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ማን እንደነበረ ይጠይቀኝ፤ እነግረዋለሁ።

ጥር 26

ዲኖ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። እማን ዳኛው በሐሰት ቃልሽ አንቺም መታሰር ነበረብሽ ብለው ገሥጸው፣ ራስሽ ስላረምሽው ብለው ማሯት። አባ አላናገራትም። ዲኖን ልናየው ስንሄድ ፍርሃት ነበረኝ። ሲያያት «እማ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ ትናንት። ከዚያ ቀን ወዲህ ተኝቼ አላውቅም ነበር» አላት። በአማርኛ ይሁን በስልጥኛ ልብ አላልኩም።

አባ ይሄን ሰምቶ ሲመለስ መንገድ ላይ ዘንቢሏን ተቀበላት።

የካቲት 3

ጉማው ዛሬ ወረደ። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ብለው ኦቦ ገርባ አጣደፉት። በወጉ በግ ታርዶ ከአንድ ሥጋ ይቀመስ ነበር። ግን የክርስቲያን ቢላ የነካውን እኛ አንበላም፣ የእኛን እነሱ አይበሉም። ሽማግሌዎቹ ተማከሩና «ወተት የማንም ሃይማኖት አይደለም» አሉ። እቴቴ ገለቴ የገዛ ላሟን አልባ በአንድ ዋንጫ አመጣችው። ዲኖ እስር ቤት ስለሆነ አባ በእሱ ቦታ ቆሞ ገደልን አለ። በኦሮምኛ፣ ቀጥሎም በአማርኛ፤ ማንም ሳያዘው። ከዚያ ተጎነጩ። አባ፣ እማ፣ እቴቴ ገለቴ። ሞቱማ ዋንጫውን ይዞ ቆየ፤ ሁላችንም እጁን እናያለን፤ ጠጣውና ለእማ መለሰላት። «ሃዳ ዲኖ» አላት። ሌላ አልጨመረም፤ በቂ ነበር።

ሰው ሲበታተን እኔ ከማሳው ዳር ብቻዬን ነበርኩ። እቴቴ ገለቴ ወደ እኔ መጣች። ሰላም ልላት ፈለግኩ፣ አሁን ይፈቀዳል፤ እሷ ቀደመችኝ። እጄን ይዛ ከሰው ራቅ አደረገችኝ።

«ሁንዴ ቅቤውን እኔ እንዳላመጣ ለምን ይከለክለኝ እንደነበር ታውቂያለሽ?» አለችኝ በኦሮምኛ።

ራሴን ነቀነቅኩ። ማወቄ ይሁን አለማወቄ ለራሴም አልገባኝም።

«ማታ ማታ አማርኛ አስተምሪኝ ይለኝ ነበር። እኔን! ከእኔ በቀር ሌላ ሰው ለመጠየቅ ያፍር ነበር። እኔም ድሮ የተማርኩትን እያስታወስኩ ለእሱ ስል አፌን ፈታሁ። ያን ቀን ለዳኛው የተናገርኩት አማርኛ እሱ ከአፌ ያስወጣው ነው። ይሁንና ስምሽ ሲነሣ አማርኛውም ኦሮምኛውም ይጠፋበት ነበር።»

ሻሼን ወደ ዓይኔ ሳብኩት።

«ደም መሀላችን ስለነበር እንባሽን ቻልሽው። አየሁሽ፣ ሴቶቹም ሲያሙሽ ሰማሁ። አሁን ደሙ የለም» አለችና ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። «ቦኢ፣ ኢንተላ ኮ። አልቅሺ ልጄ።»

አለቀስኩ። ማዶ ድረስ እስኪሰማ አለቀስኩ። እማ ከወዲያ በኩል ቆማ ታየኝ ነበር፤ መጥታ ዝም በይ አላለችኝም።